የሣራ ደም ያሉት ሕመሜ

አንዲት ሴት የወር አበባዋ በዕድሜ ምክንያት ቆሞ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደገና ደም ካየች ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ዋናው ነገሬ ይኸው ነው፤ ሌላውን የማነብ ጊዜ የለኝም የምትል ይህን ብቻ ይዛ ትሂድ። ጊዜ ያላት ግን በእኔ ላይ የደረሰውን ታንብብ።

ስሜ ብርዛፍ ነው። የሰቆጣ ዙሪያ ሰው ነኝ፤ ቤታችን ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን በኋላ ነው የለመድሁት። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ። ጣሊያን በገባበት ዓመት ለመምሬ ኪሮስ ተዳርሁ፤ ያኔ ገና ዲያቆን ነበሩ፤ እኔም ልጅ ነበርሁ። የቄስ ሚስት መሆን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሚስቱ ብትሞትበት ይመነኩሳል እንጂ ሌላ አያገባም። ባትወልድለትም ፈትቶ ሌላ ላግባ ቢል ክህነቱ ይቀራል። እኔ አልወለድሁም። መምሬም አልፈቱኝም፤ ስለዚህ ልጅ ሳናይ አብረን አረጀን።

የወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጓደኞቼ በየወሩ አይመጣም ነበር። ሦስት ወር ይጠፋል፣ አንዳንዴ ግማሽ ዓመት ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር አረገዝሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ይመጣል። ገላዬ ወፍራም ነው። አገጬ ላይም ጠጉር እየበቀለብኝ ሰው ሳያየኝ በወረንጦ እየነቀልሁ ነው የኖርሁት። ለልጅ ብዬ ያልተጠመቅሁበት ጠበል፣ ያልተሳልሁበት ታቦት የለም። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና «ይህች ልጅ ከእኛ ቤት ሳትመጣ ምን ሠርታ ይሆን?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መምሬ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። በልባቸው ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ዕድሜዬ ደረሰና ደሙ ጨርሶ ቆመ። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልሁ። የምጠብቀው ነገር አለቀ፤ ተስፋ ማድረግም አበቃ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ልቤ እገባለሁ፣ እቆርባለሁ። ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ሆኜ ኖርሁ።

በመከር ወቅት፣ ከአውድማ ስመለስ ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ። ብዙ አልነበረም። ሕመምም የለውም። በቄስ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ አይቻልም፤ ባል ቀድሶ የሚያቆርብ ሰው ነውና መኝታ መለየት አለበት። ስለዚህ ያንኑ ዕለት ለመምሬ ነገርኋቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ መምሬ፣ አይቼዋለሁ።»

«ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ዓመት አልፎታል።»

ተነሥተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። በኋላ «ሣራም እንዲሁ ልማዷ ተቋርጦ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት ቀብር ላይ የጸለዩ፣ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ሰው ናቸው። እኔ ምን ልበል? ደስ አላቸው፤ ደስ ሲላቸው አይቼ እኔም ደስ አለኝ።

የመንደራችን አዋላጅ ተጠራች። ሆዴን ዳሰሰች፣ ጫን ጫን አደረገችና «አለ» አለች። «እንዴት በደም መካከል?» ብላት «የሚደማ እርግዝና አለ፤ ሲጠናከር ይተውሻል» አለችኝ። በእርግጥም እንብርቴ ሥር የጠነከረ ነገር ነበር፤ እኔም በእጄ አገኘዋለሁ። ወሬው ከቤት ቤት ሄደ። ሴቶች ቅቤና ማር ይዘው መጡ። «የሣራ አምላክ ጎበኛት» ይሉ ነበር። ያልወለደች ሴት ባለችበት መንደር እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዲት መካን ከአበርገሌ ድረስ በረሃውን ወጥታ መጥታ ሆዴን ዳሳ ሄደች።

ወራቱ ሄዱ። ደሙ አልቆመም፤ ይቀንሳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመጣ ከበፊቱ ይብሳል። የምወልድበት ወር ደርሶ አለፈ። አዋላጇን እንደገና ጠራናት። «ፅንሱ ጀርባሽን ተጠግቶ ተኝቷል። ዓመታት የሚተኛም አለ» አለች። መምሬ ይህንንም አመኑ። እኔ ያን ጊዜ መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ግን የሚጠብቁትን ሰው ዓይን እያየሁ «የለም» ለማለት አቅም አጣሁ። በዓል በመጣ ቁጥር እሳቸው መቅደስ ገብተው ሲቀድሱ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ደም ያላት ሴት አትገባምና ያን ሁሉ ጊዜ ውጭ ነበርሁ።

ደሙ ሲበረታብኝ ማቆሚያ ፍለጋ ሰቆጣ ያለ አንድ ድሬሰር ዘንድ ሄድን። በከተማው ቤቱ ውስጥ መርፌ የሚወጋ፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ሰው ነበር። ምልክቱን ነገርሁት። ሆዴን እንኳ አላየም። መምሬን ለብቻቸው ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋገራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። መንገድ ላይ ነው የነገሩኝ።

«ከሌላ ሴት ያመጡት የአባለዘር በሽታ ይሆናል አለኝ።»

«እርስዎ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ካህን ነኝ አልሁት። ካህናትም ሰው ናቸው አለኝ።»

ሁለታችንም ፔኒሲሊን ተወጋን። ለእሳቸው ትልቅ ውርደት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪም የሚባል ነገር ስሙ አይጠራብኝ አሉ። እኔን ደግሞ ወገቤን ያመኝ ጀመር፤ ውሃ የመሰለ ፈሳሽም ከደሙ ጋር እየተቀላቀለ ሽታ አመጣ። አቀበት መውጣት አቃተኝ። ከተቀመጥሁበት ስነሣ ራሴን ያዞረኛል። በየማታው ስተኛ ነገ ሳልነሣ ብቀር መምሬ ምን ይሆናሉ እያልሁ አስባለሁ፤ ይመነኩሳሉ፣ ቤቱ ይዘጋል፣ አለቀ።

ያዳነችኝ ዘሃራ ናት። ዘሃራ በሰቆጣ ገበያ ዳር ከባሏ ጋር የጨርቅ ሱቅ ያላት የእስላም ሴት ናት። ለብዙ ዓመታት ደንበኛዋ ነኝ፤ ልጆቿን ስትድር ሰርጋቸው ላይ ተገኝቻለሁ። በገበያ ቀን ሄጄ አቡጀዲ ቁረጭልኝ አልኋት። መቀሱን ይዛ ቆመች።

«ብርዛፍ፣ ባለፈው ገበያም ወስደሻል። ከዚያ በፊትም ወስደሻል። ልብስ የምታሰፊ አይመስለኝም።»

ገንዘቤን ከመቀነቴ መፍታት ጀመርሁ።

«ጨርቅ ሻጭ ነኝ እኮ እህቴ። ሴት ምን ዓይነት ጨርቅ ለምን እንደምትገዛ አውቃለሁ።» ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና በሩን ገርበብ አደረገች። «ደም ነው?»

አለቀስሁ። «እርግዝና ነው ይላሉ» አልኋት።

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«አንቺስ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እኔ አይመስለኝም» አልሁ።

ዘሃራ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ታላቅ እህቴን አታውቂያትም፤ አላማጣ ነበረች» አለች። «ልጆቿን ድራ፣ ደሟ ቆሞ፣ ከዚያ እንዳንቺ ጀመራት። ልጅነቴ ተመለሰልኝ እያለች ትስቅ ነበር። ብዙም አልቆየች፤ ቀበርናት። አንቺንማ ቆሜ አላይም። ወንድሜ ኢድሪስ አስመራ ነው ያለው። እዚያ የሴት ሐኪም አለ። ቤቱ ታርፋላችሁ። ለመምሬ ንገሪያቸው፤ ካልነገርሻቸው እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

ነገርኋቸው። መምሬ ዳዊታቸውን አጥፈው «ሐኪም ቢነካሽ ይወርዳል» አሉ። የሚወርደው ልጁ መሆኑ ነው።

«መምሬ፣ ጨርቄ ይሸታል» አልኋቸው። «እርስዎ ተለይተው ስለሚተኙ አያውቁም። ሕፃን ያለበት ማህፀን እንዲህ አይሸትም።»

 ተነሥተው ወጡ። እኔም ተቆጡ ብዬ ነበር። ጠዋት በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አንዱን በሬያችንን ለጎረቤት ሸጠው ነው ያደሩት።

እስከ ኮረም በበቅሎ ሄድን፤ እንደኔ ላለ ሰው ከባድ መንገድ ነው። ከኮረም ወደ ሰሜን በአውቶቡስ ነው። ወንበሩን እንዳላበላሽ አጎዛ አጥፌ ከሥሬ አድርጌ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጠች የማይጨው ሴት አጎዛውን አየች፣ እኔን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝና ወደ መስኮት ዞረች። መቀሌ ስንደርስ ልመልስላት ብል እምቢ አለች።

ኢድሪስና ሚስቱ በክብር ተቀበሉን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። የኢድሪስ ሚስት ለመምሬ ብላ ሥጋ ያልነካ አዲስ ድስትና አዲስ ሳህን ገዝታ፣ የክርስቲያን ጎረቤቷን ጠርታ የጾም ወጥ አሠራችላቸው። መምሬ የእስላም ቤት አድረው አያውቁም ነበር። በሁለተኛው ቀን ከኢድሪስ ጋር ስለ በቅሎ ዋጋ ሲከራከሩ ሰማኋቸውና ልቤ አረፈ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሴቶች የሚቀመጡበት ረጅም አግዳሚ ነበር። ትግርኛ የሚናገሩ፣ ዓረብኛ የሚናገሩ፣ ባለ ጫማም ባዶ እግርም ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የገባች ስትወጣ ሁላችንም ፊቷን እናያለን። እያለቀሰች የወጣች እንደሆነ አግዳሚው ዝም ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን ሳይደርሰን ተመለስን፤ በማግስቱ ስሜ ተጠራ።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ጣሊያን ነበሩ። መምሬ አይተዋቸው «ይገርማል፤ ከነዚህ ሸሽቼ ዋሻ ያደርሁ ሰው ዛሬ ሚስቴን ይዤላቸው መጣሁ» አሉ። አስተርጓሚያችን ለተብርሃን የምትባል ነርስ ነበረች። «አደይ» ብላ ነው የምትጠራኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። ሐኪሙ በጣሊያንኛ ይናገራሉ፣ እሷ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በልቤ ወደ አገውኛ እመልሰዋለሁ። ነገሩ ሦስት በር አልፎ ነው የሚደርሰኝ።

ምርመራው ለእኔ ዓይነት ሰው ከባድ ነው፤ አልደብቅም። ከባሌ በስተቀር ማንም ያላየውን ገላዬን የባዕድ ሰው አየው። ለተብርሃን እጄን ይዛ «አይዞኺ አደይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» እያለች አለፈ። በቃ፣ ያልፋል። ሐኪሙ እጃቸውን ታጥበው መጥተው መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ቃል ነበር። ለተብርሃን ወደ መምሬ ዞራ «ፅንስ የለም ይላሉ አባ» አለች።

«የተኛ ቢሆንስ?» አሉ መምሬ።

ሐኪሙ ሲተረጎምላቸው አልሳቁም። ራሳቸውን ነቀነቁና «የለም» አሉ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያሉት።

ከዚያ አስተኝተውኝ ማህፀኔን ከውስጥ ፍቀው ናሙና ወሰዱ። ናሙናው በማጉያ መሣሪያ እስኪታይ መጠበቅ ነበረብን። በሽታውን ከነስሙ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ነቀርሳ ነው አሉ፤ ዛሬ ካንሰር የሚሉት ነው። «ገና ከማህፀኑ ያልወጣ ይመስለኛል። ማህፀኑ ከነነቀርሳው መውጣት አለበት» አሉ። ግን ያን ቀን ሊያደርጉት አልቻሉም፤ ደሜ እጅግ አንሶ ነበርና ሰውነቷ ቢላዋ አይችልም አሉ። አልጋ ያዝሁ። በጠርሙስ ደም ሰጡኝ። የማን ደም እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እስከ ዛሬ ስጸልይ «ደሙን የሰጠኝን ሰው» እያልሁ አስበዋለሁ። ደግሞ ዘይት የመሰለ መርፌ መቀመጫዬ ላይ ይወጉኝ ጀመር።

መርፌው ጥቂት ጊዜ እንደተወጋሁ ደሙ ቆመ። ከዓመት በላይ ያልደረቀው ጨርቄ ንጹሕ ሆኖ አየሁት። ደስታዬን ለመምሬ ነገርኋቸው፤ ባልነግራቸው ይሻል ነበር። ፊታቸው እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን በራ።

«ቆመ! እግዚአብሔር ሰማ ማለት ነው። ተነሺ አገራችን እንግባ። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ያውቃል።»

ለተብርሃን ሰምታ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መርፌው በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ስናቆም ይነቃል፣ ሲነቃም ከማህፀን ወጥቶ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል አሉ። መምሬ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ቀዶ ሕክምናውን ፈቅጃለሁ ብለው መፈረም ያለባቸው እሳቸው ነበሩ። ብዕሩን አልተቀበሉም።

ሐኪሙና ለተብርሃን ሲሄዱ ሁለታችን ቀረን።

«ብርዛፍ፣ ማህፀኑ ከወጣ በኋላ ተስፋ የለም እኮ» አሉኝ።

«መምሬ፣ ልጅ የለም» አልኋቸው። «ያለሁት እኔ ነኝ። የሌለውን ልጅ ሲጠብቁ ያለሁትን እንዳይቀብሩ።»

በትዳራችን ዘመን እንዲህ ተናግሬአቸው አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔው ደነገጥሁ። እሳቸው መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ። ያን ቀን አልተመለሱም። ጥለውኝ ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው እንዳልሆኑ እያወቅሁ ማሰቤ አሳፈረኝ። ለተብርሃን ተረኛ ባትሆንም መጥታ አጠገቤ ቆየች። ከኪሷ ብርቱካን አውጥታ ልጣ ሰጠችኝ። አስመራ ከገባሁ ወዲህ የምግብ ጣዕም የተሰማኝ ያኔ ነው።

መምሬ በማግስቱ መጡ። በአቅራቢያው ካለ ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ አንድ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ አግኝተው አማክረው ነበር። «ምን አሉዎት?» ስላቸው «እጅህ ቢበሰብስብህ ታስቆርጣለህ ወይስ ከነእጅህ ትሞታለህ አሉኝ» አሉ። ከዚያ ለተብርሃንን «ወረቀቱን አምጪው ልጄ» አሏት። ፈረሙ። ሲፈርሙ እጃቸውን አየሁት፤ በዚያ እጅ ስንት ሕፃን አጥምቀዋል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ሆዴ እንደ እሳት ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት መምሬ ዳዊት ሲደግሙ ነው፤ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው። ቁስሉ ቶሎ አልደረቀም። አንድ ጥግ መግል ይዞ ብዙ አስቸገረኝ። ስስል፣ ስስቅ፣ ስነሣ ያመኛል። አጠገቤ የተኛች የከረን ሴት ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ እሷ ግን ዘግይታ ነው የመጣችው። ያለነው አንድ ክፍል፣ ሕመማችን አንድ ዓይነት ነበር። እኔ መራመድ ስጀምር እሷን በአንሶላ ሸፍነው ወሰዷት። እሷን ሳስብ ዘሃራ መቀሱን ይዛ የቆመችበት ቀን ይታየኛል።

ከሆስፒታል ከመውጣቴ በፊት ሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ጠየቁኝ። የወር አበባዬ ከልጅነቴ እንዴት ይመጣ እንደነበር፣ ወልጄ እንደማውቅ፣ ሌላው ቀርቶ የአገጬን ጠጉር ጠየቁኝ። አፍሬ መለስሁ። መምሬ አጠገቤ ነበሩ። ከዚያ ሐኪሙ በለተብርሃን አፍ እንዲህ ብለው አስረዱን።

የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን በራሱ ፈቃድ አያድግም። በደም ውስጥ የሚላኩ ሆርሞን የሚባሉ ሁለት መልእክተኞች አሉት። በሽፋኑ ውስጥ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበሉ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በውጭ አገር ሊቃውንቱ ገና እያጠኗቸው ነው አሉ። የመጀመሪያው መልእክተኛ ሽፋኑን ያሳድጋል። ሁለተኛው የሚመጣው በየወሩ እንቁላል ሲወጣ ነው፤ እሱ ሽፋኑን «በቃህ» ብሎ ያበስለዋል፣ ፅንስ ከሌለም ይረግፋል። የእኔ እንቁላል ግን በጊዜው አይወጣም ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው መልእክተኛ አይመጣም፤ ሽፋኑ ዓመት እስከ ዓመት የሚያሳድገውን ብቻ ሲሰማ ኖረ። የወጋንሽ መርፌ ያ የጎደለው ሁለተኛው ነው፤ ሽፋኑ ስለሰማው ነው ደሙ የቆመው አሉኝ። እኔ በገበሬ መንደር ያደግሁ ነኝና የገባኝ እንዲህ ነው፤ ክረምቱ ሳይቆም ዓመቱን ሙሉ ዘንቦበት፣ ፀሐይ አጥቶ ለአጨዳ ያልደረሰ እርሻ ነበርሁ።

«እንግዲያው ያልወለደችው...» ብለው መምሬ ጀመሩና አቆሙ።

ለተብርሃን ጠየቀችላቸው። ሐኪሙ እኔን እያዩ መለሱ። እሷም «ሁለቱም ከአንድ ሥር ነው የመጡት ይላሉ፤ ያልወለድሽበትም የታመምሽበትም ምክንያት አንድ ነው። የበደልሽው ነገር የለም፤ አፈጣጠር ነው ይላሉ» አለችኝ።

መምሬ ተነሥተው ጓዛችንን ይሰበስቡ ጀመር። አውቶቡስ ላይም፣ ከኮረም በኋላ በቅሎዋን እየመሩ ሲሄዱም ስለዚህ ነገር አላነሡም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አገሬ ስገባ ሴቶቹ ልጁ የታለ ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነበር። ጥቂቶቹ «አስወረዷት» ብለው አወሩ፤ ቅቤ ካመጡልኝ ሴቶች ሰላምታ የነፈጉኝም አሉ። ዘሃራ ግን ከሱቋ ድረስ መጥታ ጓዳዬ ገብታ ጠባሳውን አሳዪኝ አለችና አይታ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እህቷን አስታውሳም አለቀሰች። በዓመቱ ተመልሼ አስመራ ሄድሁ። ሐኪሙ መረመሩኝና ንጹሕ ነሽ አሉኝ። ዛሬም ደህና ነኝ። አቀበት እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከአስመራ በተመለስሁ በሌላው ዓመት፣ አንድ ወጣት ገበሬ ሚስቱን ሊፈታ ሽማግሌ ይዞ ግቢያችን መጣ። ነገሩን መምሬ እንዲያዩለት ነው። ሚስቱ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳለች። እኔ ጓዳ ነበርሁ፤ ሁሉም ይሰማኛል።

«ስድስት ዓመት ሆነን፤ አልወለደችም። ጥፋቱ የሷ ነው» አለ ባልየው።

«በምን አወቅህ?» አሉ መምሬ።

«በምን ይታወቃል አባ? አልወለደችማ።»

መምሬ ወደ ጓዳው ዞር ብለው «ብርዛፍ፣ እስቲ ነይ ውጪ» ብለው ተጣሩ። ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ።

«ይህች ሚስቴ ናት» አሏቸው፤ ማንም እንደማያውቀኝ። «አልወለደችልኝም። እኔም ለሰው አልተናገርሁም እንጂ ምን በድላ ይሆን እያልሁ አብሬአት አረጀሁ። ሐኪም ፊት ቆሜ ነው ሕመም እንጂ በደል እንዳልነበረ የሰማሁት። ሰምቼም እስከ ዛሬ ይቅር በይኝ አላልኋትም። ዛሬ እናንተ እየሰማችሁ ይቅር በይኝ እላታለሁ።» ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተም መጀመሪያ ተመርመር፣ እሷም ትመርመር። ከዚያ በፊት እዚህ ግቢ የሚፈርስ ትዳር የለም።»

ቀርቤ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ከዚያ ሄድሁና ከልጅቱ አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥሁ። እጇን ያዝሁት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

«የወር አበባሽ በየወሩ ይመጣል?» አልኋት።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ይጠፋል እትየ» አለች። «አንዳንዴ ግማሽ ዓመት ይጠፋል።»